በርበሬው ተፈጭቶ ሰርገኛው ሲቀር፦ በወረርሽኝ ጊዜ ሰርግን ማራዘም፣ ማሳነስ ወይስ ለሁለት መክፈል?

«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል፣ ሳይዘጋጅ ለተያዘ ሰው። በእኛ ቤት የሆነው ግልባጩ ነው። በርበሬው ተቀንጥሷል፣ ተደልዟል፣ ተፈጭቷል። እናቴ ጌሾውን ገዝታ፣ ብቅሉን አብቅላ ጨርሳለች። የቀረው ሰርገኛው ነው።

ቀናችን ሚያዝያ 18 ቀን 2012 ነበር፤ ዳግማ ትንሣኤ። መጋቢት 4 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። የቤተሰብ ሕጉ እንኳ ለጋብቻ ሁለቱን ተጋቢዎችና ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክሮች ይፈልጋል። ስድስት ሰው ማለት ነው፣ ቄሱንም ሹሙንም ሳንቆጥር። እኛ ደግሞ ካርድ የበተንነው ለአራት መቶ ሰው ነበር።

አሁንም የሆነ በሽታ ተነሳ በተባለ ቁጥር ቀን የቆረጡ ጓደኞቼ ይደውሉልኛል። «እናንተ ያኔ ምን አደረጋችሁ? ዛሬ ቢሆንስ?» ይሉኛል። ሁሌ በስልክ ከምደጋግመው ብዬ ነው የጻፍኩት። እኛ ያደረግነውና ዛሬ የምመክረው አንድ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ እወቁት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሰርግ ስንል ሁለት ነገር አጣብቀን ነው የምንጠራው፤ ጋብቻውንና ድግሱን። ወረርሽኝ የሚጣላው ከድግሱ ጋር ነው። ከቃል ኪዳኑ ጋር ብዙ ጠብ የለውም። እኔና ባለቤቴ ይህንን ሳንለይ ነው ሁለቱንም አንድ ላይ የገፋናቸው። ስለዚህ ምርጫ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡና ተነጋገሩ፤ ከሁለቱ መጠበቅ የማይችለው የትኛው ነው? የውጭ አገር ጉዞ አለ? ቤት ተከራይታችኋል? ሰርጋችሁን ሳያዩ እንዳይሄዱ የምትፈሩላቸው አያት አሉ? መልሱ ከየቤቱ ይለያያል።

እንደታቀደው መቀጠል

ይህ አጭር ነው፤ ተዉት።

ካላመናችሁ የዮርዳኖስን ልንገራችሁ። የእኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ በተነገረበት በዚያው ቀን ኢርቢድ በምትባል ከተማ ሰርግ ነበር። ወደ 350 ሰው ታድሟል። የሙሽሪት አባት ከስፔን የገቡት በቅርቡ ነበር፤ በሽታውም አብሯቸው ገብቶ ኖሮ ከዚያ አንድ ሰርግ 76 ሰው ተያዘ። የሙሽሪት አባት በሰርግ ላይ ሳያቅፈውና ሳይስመው የሚቀር ሰው እንደሌለ እኛም እናውቃለን።

የእኛ ሰርግ ደግሞ ለተላላፊ በሽታ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ማዕዱ አንድ ነው። ጉርሻ አለ። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ነው። የሽማግሌ ጉልበት ይሳማል። እስክስታው ትከሻ ለትከሻ፣ ላብ በላብ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው። ለሰርጉ የግድ የምትፈልጓቸውና በሽታው አጥብቆ የሚይዛቸው ሰዎች እነዚያው ናቸው። መራቂዎቹ፣ አያቶቹ፣ ሽማግሌ አድርጋችሁ የላካችኋቸው።

ማሳነስ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። «ሰላሳ ሰው ብቻ እንጥራ፣ ያልቃል።» አያልቅም። ሁለት ችግር አለው።

አንደኛው የጤናው ነው። ትንሽ ሰርግ ከትልቅ ይሻላል እንጂ ደኅና ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሜይን በምትባል ክፍለ ግዛት፣ ሚሊኖኬት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2020 አንድ ሰርግ ተደረገ። እንግዶቹ 55 ነበሩ። የእኛ አገር ለቅሶ እንኳ ይበዛል። ከዚያ ሰርግ በተነሳው ሰንሰለት 177 ሰው ተያዘ፣ ሰባት ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ሰርጉ ላይ የነበረ አንድም ሰው የለም። በሽታው ከእንግዶቹ ወደ ሌላ ሰው እየተላለፈ እስከ አረጋውያን መጦሪያና እስከ እስር ቤት ገብቶ ነው። እና «አያቴን አልጠራሁም፣ ስለዚህ ተርፋለች» ማለት አይቻልም። ከሰርጉ የተመለሰችው አክስት በማግስቱ አያት ቤት ቡና ትጠጣለች።

ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ሰላሳ ሰው ማለት እኮ የአባት ወገን ብቻውን ነው! ያልተጠራ ሰው ዓመት ሙሉ ያስታውሳል። የለቅሶ ቀን ያነሳዋል። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ሰው አትምረጡ፣ ደንብ አውጡ። «ወላጅ፣ እህት ወንድም፣ አንድ አንድ ሚዜ። አክስትና አጎት ከሁለቱም ወገን የለም» ብላችሁ ቁረጡ። ደንብ ሰው አያስቀይምም፤ ቢያንስ እንደ ስም ዝርዝር አያስቀይምም። አንዲት አክስት በጓሮ በር ከገባች ግን አለቀላችሁ፤ ሌሎቹ በዋናው በር ይመጣሉ።

ማሳነስን ከመረጣችሁ በግቢ ይሁን። የዕድር ድንኳን ከሆነ ጎንና ጎኑ ይጠቅለል፣ ነፋስ ይለፍ። ምግቡ በየሰው ሳህን ይቅረብ። ሰው በሁለት ፈረቃ ይምጣ፤ የሙሽሪት ወገን ጠዋት፣ የሙሽራው ከሰዓት። ደግሞ አትሳሳቱ፣ ወጪው እንደ ሰዉ ቁጥር አይቀንስም። ሥጋውና መጠጡ ይቀንሳል። ቬሎው፣ ሱፉ፣ ቪዲዮው፣ መኪናው ለሰላሳ ሰውም ለሦስት መቶም ያው ነው።

ማራዘም

እኛ የመረጥነው ይህንን ነው። በአጭሩ ልለፈው አልችልም፣ ይቅርታ።

ማራዘም ሲሉት ነፃ ይመስላል። ሰርጉ አለ፣ ቀኑ ብቻ ተለወጠ። ግን መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ክፈቱ። ኦርቶዶክስ ለሆነ ሰው «አንድ ወር እናራዝመው» የሚባል ነገር የለም። በ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር፣ በዓለ ሃምሳው ግንቦት 30 አለቀ። ሰኔ 1 የሐዋርያት ጾም ገባ። እሱ ሐምሌ 5 ሲፈታ ክረምት ነው፤ ጭቃ፣ ዝናብ፣ የሚያፈስ ድንኳን። ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ክፍት አለ፣ ከዚያ የነቢያት ጾም። ስለዚህ ሚያዝያን የሸሸና ወረርሽኙ ይብረድ ብሎ ይህን ክፍት ያሳለፈ ሙሽራ ሁሉ ጥር ላይ ነው የተሰለፈው። ስንደውል የምንወደው አዳራሽ የጥር ቅዳሜና እሑዶቹ በሙሉ ተይዘው አገኘናቸው። ሙስሊም ጓደኞቻችን በዚህ በኩል ትንሽ ይሻላቸዋል፤ ዒድ አልፈጥር በዚያ ዓመት ግንቦት 16 ነበር፣ ከዚያ በኋላ የሚያግዳቸው አዋጁ ብቻ ነው።

ከዚያ የማንም ዝርዝር ላይ የሌለው ወጪ አለ። እኛ ከሚያዝያ 1 ጀምሮ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነበር። ሳንጋባ አብረን አንገባም። እሱ እናቱ ቤት፣ እኔ እናቴ ቤት። አልጋው ፕላስቲኩ ሳይገለጥ፣ ፍሪጁ ሳይሰካ፣ ዘጠኝ ወር ተኩል ለባዶ ቤት ኪራይ ከፈልን። አንዳንድ እሑድ ሄደን አቧራ እንጠርግ ነበር፣ ታናሽ እህቴን ይዘን። ስትጠርጉ «ይሄን ብር ለድግሱ ብንጨምረው ኖሮ» ትላላችሁ።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሌላ ሒሳብ አለ። ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ጀምሮ በቦሌ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ተለይቶ እንዲቆይ ተወስኖ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ሜሪላንድ ነው፣ ፈቃዱ ሁለት ሳምንት ነው። ቢመጣ ኖሮ ሰርጉን ከሆቴል መስኮት ነበር የሚያየው።

ትልቁ ትምህርት ግን ይህ ነው፤ «ሁሉ ነገር ደኅና እስኪሆን» የሚባል ቀን የለም። ወረርሽኙ ይብረድ ብለን ጥር ላይ ቀን ቆረጥን። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። ከአንዱ ሚዜያችን ቤተሰብ ጋር የስልክ መስመር ተቋረጠ። ሰርጉ ሲደርስ ኮሮናውም አልሄደም፤ የመጀመሪያው ክትባት የተሰጠው እኛ ከተጋባን በኋላ፣ መጋቢት 2013 ነው።

ስለዚህ ካራዘማችሁ ቀን ይኑረው። «ሌላ ጊዜ» ብሎ ማራዘም ከሁሉም የከፋ ምርጫ ነው፤ ከመሰረዝም ይከፋል እላለሁ። የሰረዘ ሰው ያውቀዋል። ቀን የሌለው ሰው ግን ዘመድ በጠየቀው ቁጥር አዲስ መልስ ይፈጥራል፣ እጮኞቹም እርስ በርስ መጠራጠር ይጀምራሉ። አዲሱን ቀን ቁረጡ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ያዙ፤ «እስከዚህ ድረስ ነገሩ ካልተሻለ ድግሱ ቀርቶ እንጋባለን» የምትሉበት።

ለሁለት መክፈል

ማለትም ጋብቻውን አሁን፣ ድግሱን በኋላ። ዛሬ ብሆን የምመርጠው ይህንን ነው።

ኒካህ፣ የሙስሊሞቹ የጋብቻ ውል፣ ሲፈጥረውም እንዲህ ነው። ወሊይ (ሙሽሪትን ወክሎ የሚድር አባት ወይም ዘመድ)፣ ሁለት ምስክር፣ መህር (ለሙሽሪት የሚሰጥ ጥሎሽ)፣ የሁለቱ ወገን ቃል። ወሊማው፣ ማለትም ድግሱ፣ ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድ ይደረጋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በአባቷ ሳሎን ኒካህ አስራ፣ ሻይ ጠጥተው፣ ማታ ባሏ ቤት ገባች። እኔ በዚያን ጊዜ ባዶ ቤት እጠርግ ነበር።

በተክሊል ወይም በቁርባን ለሚጋባም ሥርዓቱ ራሱ አዳራሽ አይፈልግም። ቅዳሴ ላይ ነው፣ ጠዋት ነው፣ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። በ2012 ፋሲካ ምእመን በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ያስቀደሰበት ጊዜ ስለነበር ያኔ በቀላሉ የሚሆን አልነበረም። ከዚያ ሲከፈት ግን ይቻል ነበር፣ እኛ ነን ያላሰብነው። የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ አማክሩ፤ ከእናንተ በተሻለ የሚያውቁት መንገድ ይኖራል።

በማዘጋጃ ለሚፈራረም ደግሞ ቀላሉ ይህ ነው። በየትኛውም ሥርዓት ብትጋቡ ጋብቻው በክብር መዝገብ መመዝገብ አለበት። ሰነዱ የቀን ጉዳይ ላለበት ሰው ዋጋው ትልቅ ነው። አንዱ ወገን ውጭ ከሆነና ቪዛ ከተፈለገ፣ የሚቆጠረው የጋብቻ ሰርተፍኬቱ ቀን ነው እንጂ የድግሱ አይደለም።

«በቪዲዮ መጋባትስ?» የሚል አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ገዥው አንድሩ ኩሞ በሚያዝያ 2012 በቪዲዮ ጥሪ መጋባትን ፈቅደው ነበር። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሊጠቀሙበት ይችሉ ነበር። የእኛ ሕግ ግን ሁለቱም ተጋቢዎች በአካል ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ይላል። በከባድ ምክንያት በእንደራሴ ለመጋባት ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠየቃል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ የምትጋቡበትን ቦታ ጠይቁ። ስልክና ቪዲዮ ለምርቃት ግን ግሩም ነው። የባለቤቴ አያት ከደብረ ብርሃን በስልክ መርቀውናል። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ሁላችንም «አሜን» ስንል፣ መስመሩ እየዘገየ የእሳቸው ምርቃትና የእኛ አሜን ተላለፉ። አሁንም እንስቅበታለን።

ይህ ምርጫ ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ፣ ወላጆች የተፈረመውን ጋብቻ እንደ ጋብቻ ላይቆጥሩት ይችላሉ። «ፊርማ ነው እንጂ ሰርግ አልሆነም» ይላሉ። እና ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በሁለቱም ወላጆች ፊት ይመለስ፤ የዚያን ቀን ማታ ሙሽሪት የት ነው የምታድረው? ትስቃላችሁ እንጂ ይህ ካልተመለሰ ከጋብቻ በኋላ የምትኖሩት እንደ እጮኛ ነው። ሌላው፣ የዘገየ ድግስ ይቀዘቅዛል። ልጅ ሊመጣ ይችላል፣ ብር ለሌላ ይውላል፣ ሰውም «ተጋብተዋል አይደል» ይላል። ይህ ለአንዳንዱ እፎይታ ነው። ለእናት ግን ኀዘን ነው። ስለዚህ የሚዘገየውን ድግስ «ሰርግ» አትበሉት፤ «መልስ» በሉት። መልስ ቢዘገይም ያምራል፣ ለመልስ መቶ ሰው ይበቃል።

ቀብዱስ?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው በቃል አመራረጥ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ስለ ቀብድ ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ በፍርሃት ደውላችሁ «ሰርዘናል» ካላችሁ፣ የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። መንግሥት መሰብሰብን ከከለከለ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንቀጽ 1793 ከአቅም በላይ ከሚባሉት መካከል የመንግሥት ክልከላን ይጠቅሳል። ያኔ ማንም አልተወም፣ ውሉ ነው ሊፈጸም ያልቻለው፤ ገንዘባችሁን ለመጠየቅ ጥሩ መቆሚያ አላችሁ። በአንጻሩ አንቀጽ 1794 የዋጋ መናርን ከአቅም በላይ አይለውም። «ሥጋ ስለተወደደ በአሮጌው ዋጋ አልሠራም» የሚላችሁን ደጋሽ በዚህ ልትሞግቱት ትችላላችሁ።

ይህ የወረቀቱ ነው። በተግባር ለቀብድ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ትንሽ ነው፣ አዳራሾቹም በዚያ ጊዜ እየሰመጡ ነበር። ከአዲስ አበባ ትልልቅ መሰብሰቢያዎች አንዱ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ፣ የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ሆኖ ነበር እኮ። እና የምመክረው ቃል «ይተላለፍልን» ነው። ገንዘብ መልሱ አትበሉ፣ ቀን ቀይሩ በሉ። በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ከነዋጋው። እኛ ከአዳራሹ ጋር እንዲህ ተስማምተን፣ የፈለግነው ቀን ስላልተገኘ ቀብዱን ወደ መልስ ምግብ አዞርነው። የዲኮሩ ሰውዬ ጋ ግን በቃል ብቻ «ችግር የለም እህቴ» ተባብለን ነበር። ጥር ላይ ስልኩ አይሠራም።

አሁን አዲስ የምትዋዋሉ ከሆነ አንድ መስመር ጨምሩ፤ መንግሥት ቢከለክል ቀኑ በዚያው ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ይዛወራል የሚል። ማንም አዳራሽ አይከለክላችሁም፣ ከ2012 በኋላ ሁሉም ገብቶታል።

ማን ቀድሞ ይስማ

ምንም ብትመርጡ የምትናገሩበት ቅደም ተከተል ከምርጫው እኩል ነው። ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ስለዚህ ቀኑ የሚፈታው በእነሱ ነው። እኛ በጭንቀት ለጓደኞቻችን በቴሌግራም ነገርን፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሰፈር ልጅ ሰሙ። በደንብ አስቀይመናቸው ነበር፣ ይቅርታ ለመጠየቅ በጭምብል ደጃቸው ድረስ ሄድን። መጀመሪያ ወላጆች፣ ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ሚዜዎች፣ ከዚያ ካርድ የደረሰው ሁሉ። ለትልልቆቹ ጽሑፍ አይላክም፤ ይደወላል። ቢቻል አባት ናቸው የሚደውሉት፣ ሙሽራው አይደለም።

እኛ ጥር 16 ቀን 2013 ተጋባን። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ የእናቴ ግቢ፣ ወደ ሰባ ሰው በሁለት ፈረቃ። ፎቶው ላይ ግማሹ ሰው ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጓል። ከዚያ ማታ ፍሪጁን ሰካነው።

በርበሬው ለአራት መቶ ሰው የተፈጨ ስለነበር ለሰባ ሰው ምኑም አልተነካ። እናቴ ለጎረቤት ሰጠች፣ ለዕድሩ ለቅሶ ሰጠች፣ ለባለቤቴ ወንድም ወደ ሜሪላንድ ላከች። የመጨረሻውን የጨረስነው የልጃችን ክርስትና ላይ ነው።